የመጀመሪያው ምስማር

ሰኞ፣ 4

ይህን ደብተር ዛሬ የከፈትኩት ስለ መብራት ለማማረር ነው። ስለ ሌላ ስለ ምንም አይደለም። ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ድሮ ጫማ ጠጋኙ በነበረበት ቤት ላይ፣ ቁመቱ እኔን የሚያክል አረንጓዴ የአውራ ጣት ምስል ሰቅለዋል። ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል። ሲጠፋ የምሞርደው ቁልፍ እጄ ላይ ይጨልማል፤ ሲበራ ሞረዱም እጄም አረንጓዴ ይሆናሉ። ቀኑን ሙሉ አንዴ ሰው አንዴ እንቁራሪት ስሆን ዋልኩ።

የዚያ ሱቅ ባለቤት ቢበዛ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። በጣት አሻራ የሚከፈት ቁልፍና በር ሲከፈት ስልክ ላይ የሚጮህ ዕቃ ይሸጣል፣ ይገጥማል። ጥፍሩ ንጹሕ ነው። ጠዋት መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ጎረቤት ሆንን።»

«ጎረቤትና የጥርስ ሕመም ሳይጠሩት ነው የሚመጣው» አልኩት።

ከልቡ ሳቀ። ሲስቅ ደስ ይላል፤ ይሄ ደግሞ ይብስ አናደደኝ። ስሙን ነግሮኛል፣ እኔ ግን አውራ ጣት ብዬዋለሁ።

የእህቴ ልጅ ከኋላዬ ቁልፍ እየቀረጸች ነበር። «አጎቴ፣ ሰውን በመጣበት ቀን አትንከስ እንጂ» አለችኝ።

«አልነከስኩትም፤ ቀመስኩት።»

ሐሙስ፣ 7

ሱቄ ደረጃ ሥር ናት። ሁለት እጄን ብዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ እነካለሁ። በስተቀኝ ስልሳ ሦስት ምስማር የተመታበት ሰሌዳ አለ። የሰፈሩ ሰው ትርፍ ቁልፉን የሚያስቀምጠው እኔ ዘንድ ነው፤ የራሱን የጣለ ወይም ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን የዘጋ ወደኔ ይመጣል። ሌባ ቢገባ የማን እንደሆነ እንዳያውቅ ቁልፎቹ ላይ እውነተኛ ስም አልጽፍም። «ሦስቴ አስነጥሶ» ማለት ጡረተኛው መምህር ነው። «እየደረስኩ ነው» ማለት መድኃኒት ሻጯ ናት፤ ገና አልጋ ላይ ሆና እንዲህ ስለምትል። ከኔ ሌላ ስሞቹን የምታውቅ የእህቴ ልጅ ብቻ ናት። በመጀመሪያው ምስማር ላይ እናቴና እህቴ የሚኖሩበት ቤት ቁልፍ አለ። እሱ ስም የለውም፣ አያስፈልገውም።

ሰው ያለውን እንዴት እንደሚጠብቅ እንደኔ ያየ የለም። መምህሩ በሩ ላይ ሦስት ቁልፍ አስገጥሞ መስኮቱን ለድመቱ ክፍት ይተዋል። ልብስ ሰፊዋ ጌጧን አሮጌ ካልሲ ውስጥ ደበቀች፤ ካልሲው የት እንዳለ እንዳትረሳ ወረቀት ላይ ጻፈች፤ ወረቀቱን በሩ ላይ ለጠፈችው። አንዱ ደግሞ ሣጥኑን የሚቆልፍበትን ትርፍ ቁልፍ እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ቆልፎበታል። «እዚያ ማንም አይነካውም» አለኝ። እውነቱን ነው። እናቴ ሁሉንም ነገር መሐረብ ጫፍ ላይ ቋጥራ ብብቷ ሥር ትይዛለች። እስካሁን ከሁሉ የሚሻለው የሷ ነው።

ዛሬ መድኃኒት ሻጯ መጣች።

«ጋሼ፣ ያቺን ቁልፌን ይስጡኝ እስኪ። ካሁን በኋላ በጣቴ ነው የምገባው።»

«ጣትሽን ቤት ረስተሽ ብትወጪስ?»

ሳቀች። ሳቀችና ወሰደች። ባዶ ምስማር ያስጠላል። ኮቴን ሰቀልኩበት።

ቅዳሜ፣ 9

የእህቴ ልጅ ሞረዷን ዘይት ቀባች፣ ከዚያ በጨርቅ ጠቀለለችው። ሞረድ የሚጠቀለለው ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ነው።

«አጎቴ፣ ላማክርህ ነበር።»

«ሞረዱ ነግሮኛል።»

«ሩቅ አይደለም እኮ። መንገዱን መሻገር ነው።»

«የምትሻገሪው መንገዱን ነው ወይስ ወደ ሰውየው?»

ፊቷ ቀላ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እስከ ዛሬ እኔ ፊት ቀልታ አታውቅም። «ሥራ ነው» አለች። «አዲስ ነገር መማር እፈልጋለሁ። ያለ አስተማሪ ተማርኩ እያልክ ስትፎክር አይደል ያደግኩት?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀልድ ይመጣልኝ ነበር፤ ዛሬ ቀረ። ይህችን ልጅ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ጆሮዋን በር ላይ አስለጥፌ የቁልፍ ሆድ ውስጥ ያሉት ጥርሶች አንድ በአንድ ሲወድቁ እንድትሰማ አስተምሬአታለሁ። በዚህ ሰፈር እንደሷ የሚሰማ የለም፤ እኔም ጭምር፣ ይህን ግን አልነገርኳትም።

«ሂጂ» አልኳት። «እዚያ ቤት ጆሮ አያስፈልግም፤ ጆሮሽን እዚህ ትተሽልኝ ሂጂ።»

ግንባሬን ሳመችኝ። የሱቁን ቁልፍ ልትመልስልኝ ኪሷን ስትዳብስ፣ ሌላ ሥራ ያለኝ መስዬ ዞርኩ። ስለዚህ ቁልፉ እሷ ጋ ቀረ።

አልቀናሁም። ሰው በገዛ እህቱ ልጅ አይቀናም። መብራቱ ግን ዓይኔን እያመመኝ ነው።

ማክሰኞ፣ 12

ዝናብ። ጊዜ የለኝም። ሁለት ቁልፍ ሰበርኩ፣ ተማሪ እንኳ የማይሰብረው ዓይነት።

የእህቴ ልጅ ዛሬ ሰባት ጊዜ ሳቀች። እኔ ጋ እያለች በቀን ሦስት ጊዜ ነበር፣ ቢበዛ አራት። ቆጥሬ አይደለም። መስኮታቸው ፊት ለፊት ስለሆነ ነው።

ሦስት ሰው ቁልፉን ወሰደ። ኮፍያዬን፣ ጃንጥላዬን፣ ሽርጤን ሰቀልኩባቸው። ሰሌዳው ልብስ ቤት መሰለ።

ሰባተኛው ሳቅ በጣም ረጅም ነበር። እሱ ምን ቢላት ነው?

ዓርብ፣ 15

እህቴ ከሆስፒታል ነጭ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ነርስ ናት፣ እግሯ ሁሌ ያብጣል፤ ወንበሬን ለቀቅኩላት።

«ወንድም ጋሼ፣ እማዬ ትናንት ደግሞ ወጥታ ነበር።»

አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ነው ያገኟት። የቤት ልብስ ለብሳ፣ ማንኪያ የሞላ ቦርሳ ይዛ። ወዴት ነሽ ሲሏት «ልጄን ከትምህርት ቤት ላመጣው» አለች።

«ቀልዷን ነው» አልኩ። «እኔ በማን የወጣሁ ይመስልሻል?»

እህቴ አልሳቀችም። ጫማዋን አውልቃ እግሯን አሸች።

«ከላይ በኩል መቀርቀሪያ ልምታልሽ» አልኳት። «እጇ አይደርስም።»

«እናቴ ላይ በር አልቆልፍም። የምፈልገው የሚይዛት ነገር አይደለም፤ የሚነግረኝ ነው። በሩ ሲከፈት ስልኬ ይጩህ፣ እኔ ለጎረቤቴ እደውላለሁ፣ እሷ ወጥታ እጇን ይዛ ትመልሳታለች። በቃ።»

አውራ ጣትን አነጋግራዋለች። እሑድ ይገጠማል። አብራው የምትገጥመው ደግሞ የኔዋ ናት።

«የኔ ቁልፍስ? ያ በር ላይ ያለው የኔ ሥራ?»

«አይነካም። ልጅቷ የአጎቴ አይነሳም ብላለች። ያንተንም ጣት እናስመዘግባለን። ለምሳ ና።»

እማዬ ድሮም መዞር ትወዳለች። ማንኪያውም የራሷ ነው። ሰው የራሱን ማንኪያ ይዞ ቢወጣ ምን አለበት?

እሑድ፣ 17

እንቅልፍ አልመጣም፤ ስለዚህ በደንብ ልጻፈው።

ዘጠኝ ዓመቴ እያለ የቤታችንን በር ቁልፍ ፈትቼ መልሼ መግጠም አቃተኝ። እማዬ አልመታችኝም። በሩን ገጥማ ዘጋችና ጀርባዋን አስደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ እስኪነጋ። ሲነጋ ብሎኖቹን በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችኝ። «ነካኪ፣ የፈታኸውን ግጠም» አለችኝ። ሁሉን ነገር ስለምነካካ ያወጣችልኝ ስም ነው፤ ከሷ ሌላ የሚጠራኝ የለም። መግጠሙ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሦስቱንም ሌሊት የቤታችን ቁልፍ የእናቴ ጀርባ ነበር።

ወደ ዛሬው ልመለስ።

ያ የሚጮኸው ዕቃ ሁለት ቁራጭ ነው፤ አንዱ በሩ ላይ፣ አንዱ መቃኑ ላይ። ሲራራቁ ስልክ ይጮሃል። ገና ሳየው ውስጡ ማግኔት እንዳለ ገባኝ፤ ሌላ ማግኔት ቢጠጋው በሩ የተዘጋ ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ወለል ላይ የወደቀ ብሎን የምለቅምባት ማግኔት ከኪሴ አትጠፋም። ሁሉም ምሳ ለማቅረብ ሲራወጡ፣ ከመቃኑ ቁራጭ ጀርባ፣ ዓይን በማያርፍበት በኩል ለጠፍኳት። በሩን ከፈትኩ፤ ስልኩ ዝም። ዘጋሁ፤ ዝም። ሳቄን አፌን ይዤ ዋጥኩት። ከምሳ በኋላ ሁሉም ባሉበት በሩን ብርግድ አድርጌ «እነሆ የዘመኑ ጥበብ!» ልል ነበር። የአውራ ጣትን ፊት ለማየት ቸኩዬ ነበር። የእህቴ ልጅን ፊት ደግሞ ይበልጥ።

ከምሳ በፊት ጣት ይመዝገብ ተባለ። እህቴ አስነካች፣ ቁልፉ ዜማ አሰማ። ልጅቷ አስነካች፣ ዜማ። እማዬ አስነካች፣ ዜማ ሲያሰማላት አጨበጨበች። ተራው የኔ ሆነ። ቀይ በራ።

«እንደገና ይሞክሩት ጋሼ።»

ቀይ። ሌባ ጣቴን፣ መሐል ጣቴን፣ ግራ እጄን፣ አሥሩንም። አውራ ጣት እጄን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰደኝና አገላብጦ አየው።

«ጋሼ፣ ሞረዱ በልቶታል። አሻራ የለዎትም» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ መጥፎ ወሬ እንደያዘ ሐኪም።

«እንግዲያው ብሰርቅ አልያዝማ!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን በዚያ ቤት በር ላይ የማይታወቀው እኔ ብቻ ሆንኩ፤ እሱ እንኳ ለመሞከሪያ ብሎ የራሱን ጣት አስነክቶ ነበር።

ከዚያ ተቀመጥን። እማዬ አውራ ጣት አጠገብ ነበረች። ፊቱን ብዙ ጊዜ አየችውና እጁን ያዘችው።

«ነካኪ፣ እጅህን ታጠብና ብላ እንጂ። ቀዘቀዘ እኮ።»

እሱ ወደኔ አየ፣ ወደሷ አየ። «እሺ እናቴ» አላት። ሌላ ምን ይበል? እኔም ብሆን እሺ ነበር የምለው። ግን እሺ አለ፣ ተነሣ፣ እጁን ታጠበ። ንጹሕ እጁን።

ከምስማሩ አውርጄ ይዤው የመጣሁትን የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ። በእሑድ ቀን። ቀልዴንም ሳልቀልድ።

ረቡዕ፣ 20

የብሎን ቆርቆሮ ተደፋብኝ። ተንበርክኬ በጥፍሬ ለቀምኩ። ማግኔቷ የት እንዳለች አውቃለሁ። እዚያ ቤት ግን እግሬ አይረግጥም። ነገ ለእህቴ ልጅ እነግራትና ታመጣልኛለች።

በመስኮት እጇን አውለበለበችልኝ። ሞረዴ ላይ አቀረቀርኩ።

ሐሙስ፣ 21

ልነግራት ሁለት ጊዜ ወጣሁ። አንዴ ከሱ ጋር አንድ ዕቃ ላይ አጎንብሳ ነበር፤ ጭንቅላታቸው ሊነካካ ትንሽ ነው የቀረው። አንዴ ደግሞ እሱ ሲያወራ ጆሮዋን ሰጥታው ነበር። ያንን ጆሮ አውቀዋለሁ። ተመለስኩ። ነገ።

ሌላ ነገር። ጠዋት ሱቁን ስከፍት በመጀመሪያው ምስማር ላይ ያ ቁልፍ ተሰቅሏል። እሑድ ጠረጴዛ ላይ ጥዬው የመጣሁት! ቁልፍ መንገድ ተሻግሮ አይመጣም። ሱቄን የሚከፍት ደግሞ ከኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው።

አወረድኩት። መልሼ ሰቀልኩት።

ቅዳሜ፣ 23

ደረጃው ጣሪያዬ ስለሆነ እዚያ የሚወራው ሁሉ እላዬ ላይ ይወርዳል። ዛሬ መምህሩና መድኃኒት ሻጯ ዝናብ ተጠልለው ነበር።

«ሰውየው ምን ሆኖ ነው ቀልዱ የጠፋው?»

«ቅናት ነው መምህር። በልጅቷም፣ በሥራውም።»

«በዚህ ዕድሜ?»

«ቅናት ደግሞ መቼ ነው ጡረታ የወጣው?»

ማስነጠስ አማረኝ፤ እሱ የመምህሩ ሥራ ነው ብዬ ዋጥኩት። ቅናት! በምኑ ነው የምቀናው? በጥፍሩ? በስተርጅና እናቴ ስሙን ብትሳሳት በሱ ልቀና ነው?

ማግኔቷን አልተናገርኩም። ሰኞ።

ሰኞ፣ 25

ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት። እጄ የሚይዘው ስላጣ እጽፋለሁ።

እማዬ የለችም።

ጎረቤትየዋ ምሳ ልታደርስላት ስትሄድ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘችው። እህቴ ሆስፒታል ሆና ስልኳን ብታይ «በሩ ዝግ ነው» ይላል። ያለፈውን ሳምንት ዕረፍት ወስዳ ቤት ስለነበረች ጩኸቱን አጥፍታው ነበር፤ አለመሥራቱን ማንም አላወቀም። ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደወጣች የሚያውቅ የለም። ውጭው ዶፍ ነው።

እህቴ ከሥራ ሮጣ መጥታ በቀጥታ አውራ ጣት ሱቅ ገባች። ድምፅዋ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። «አምኜህ ነው! እናቴን የምታህል ነገር አምኜህ ነው!» እሱ በሩ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ መጀመሪያ እማማን እንፈልጋቸው» ይላል። አንዲት ቃል አልተከራከረም። የእህቴ ልጅ ዕቃውን በእጇ ይዛ እያገላበጠች፣ ምኑ ጋ እንደተሳሳተች ትፈልጋለች። እንባዋ ይወርዳል። የገጠመችው እሷ ናትና።

እውነቱን ልጻፍ። ዝም ልል አስቤ ነበር። ከሱቄ እስከ ሱቁ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ እስከ ስድስተኛው ድረስ ዝም ልል አስቤ ነበር። በሰባተኛው ላይ ያቺ በር ተደግፋ ወለል ላይ የተቀመጠች ሴት ታየችኝ።

«ዕቃው ደህና ነው» አልኩ። «የልጅቷም እጅ ደህና ነው። እኔ ነኝ። ማግኔት ለጥፌበታለሁ፤ ልቀልድ ብዬ። ስምንት ቀን ሙሉ እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

እህቴ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አውራ ጣት ግን፣ ይሄ ልጅ፣ «ማግኔት!» አለና ለአንድ አፍታ በአድናቆት አየኝ። ከዚያ «እኔ በአውቶቡሱ መስመር ልሂድ» ብሎ ኮት ሳይደርብ ዝናቡ ውስጥ ገባ። እህቴ ወደ ፖሊስ ሄደች። እኔም ልሮጥ ስል የእህቴ ልጅ እጅጌዬን ያዘችኝ።

«አንተ ሱቅህ ቁጭ በል። እንዳትዘጋ።»

«እናቴን ልፈልግ እንጂ!»

«ወዳንተ ብትመጣስ?»

«እኔን መች ታውቀኛለች? ነካኪዋ እሱ ሆኗል።»

እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ቆጣ ያለች ይመስለኛል። «አጎቴ፣ ለምን ነካኪ ያለችው ይመስልሃል? ካቻቪቴ ይዞ በር ሲፈታ አየችው! በር የሚፈታ ሰው ስታይ የምታስበው ማንን ነው?»

ሄደች። ልታጽናናኝ ብላ ነው። ወይም ከእግራቸው ሥር ልታስወግደኝ። የመጨረሻው ይገባኛል።

አሥር ሰዓት። ማንም አልደወለም።

ኮቴን፣ ኮፍያዬን፣ ጃንጥላዬን፣ ሽርጤን ከምስማሮቹ ላይ አወረድኩ። ከስልሳ ሦስቱ ሠላሳ አራት ቁልፍ ቀርቷል፤ ሌላውን ሰዉ በየቀኑ እየመጣ ወስዶታል። ሠላሳ ዓመት የሰው ቁልፍ ጠብቄ አንድ ጠፍቶብኝ አያውቅም እያልኩ ነበር የምፎክረው።

አሥር ሰዓት ተኩል። ዝናቡ ወደ ውስጥ እየመታ ስላስቸገረኝ የቆርቆሮ መዝጊያውን እስከ ጉልበት ድረስ አወረድኩት። አልዘጋሁትም። እንዳትዘጋ ብላኛለች።

አውራ ጣት መብራቱን ሳያጠፋ ነው የሮጠው። ሰማዩ ጠቁሯል፣ መንገዱ ላይ የሚታየው እሱ ብቻ ነው። በመዝጊያው ሥር ገብቶ ወለሉን አረንጓዴ ያደርገዋል። ይብራ። ዛሬስ ይብራ። በሱ ያየ ሰው ቢያንስ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም።

የምፈራውን አልጽፍም። አውቶቡስ ማቆሚያውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ገበያውን ይፈልጓታል። እግሯ ካመማት ወዲህ ግን እዚህ መጥታ አታውቅም፤ እሑድ እሑድ እኔ ነኝ የምሄደው፣ እሱንም ትናንት ቀረሁ። በኩራት። ከየት ብላ ነው እዚህ

ወለሉ ላይ ያለው አረንጓዴ ብርሃን ላይ ጥላ ወደቀ። ከመዝጊያው ሥር ሁለት እግር ቆሟል። አንዱ የቤት ጫማ አድርጓል፣ ሌላው የእህቴን የሆስፒታል ጫማ። ውኃ ይንጠባጠባል። ቆርቆሮው በማንኪያ ይመታል።

«ነካኪ! አንተ ነካኪ! በሩን ገጠምከው ወይ?»